ገሪማና ሠላሳው ኦም

ዘመኑ ስልሳ ዓመተ ምሕረት ነው ትላለች አልጋነሽ። ቆይ፣ ስልሳ ነው ወይስ ስልሳ አንድ? ቡና የሚለቀምበት ኅዳር እንደነበረ ግን አትጠራጠርም፤ የአቶ ተክለጻድቅ የቡና መፈልፈያ ሞተር ቀኑን ሙሉ ይጮህ ነበርና። ዲላ ውስጥ የእሷ ሰፈር መብራት የሚያገኘው ከዚያው ሞተር ነው። ሞተሩን የሚጠብቀው ደግሞ ገሪማ የሚባል ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር።

ስለ ገሪማ የሚታወቀው ሁሉ እርስ በርሱ ይጣላል። ለባለሱቋ ለሀዲጃ ሙያውን የተማርኩት ድሬዳዋ ነው ብሏታል፤ ለአልጋነሽ ግን አቃቂ። ሰው ቤት ገብቶ እህል የቀመሰበት ቀን አይታወቅም። ማታ ሞተሩን አጥፍቶ ሲሄድ መንገድ ይለዋውጣል። ከሥራ ሸሽቶ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ከሰው ሸሽቶ ነው የሚሉም ነበሩ።

በዚያ ኅዳር ግን ሰፈሩ በጎሪጥ የሚያየው አልጋነሽን ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በስፌት መኪናዋና በኤሌክትሪክ ካውያዋ ነው። የከሰሉ ካውያ ፍንጣሪ የሰው ናይለን እያቃጠለ ደንበኛ አሳጥቷት ስለነበር፣ ወደ እሱ መመለስ ማለት መክሰር ነው። የኤሌክትሪኩን ስትሰካ ደግሞ የጎረቤቱ አምፖል ሁሉ ይፈዛል። ሀዲጃ አንድ ምሽት ከሱቋ ደጃፍ ሆና፣ «እንደው አልጊ፣ ጠጥተሽ ስትጠግቢ ለእኛም ጭላጭ አትርፊልን» ብላ ሳቀች። ሳቁ ለአልጋነሽ አልጣማትም። ወሬው አቶ ተክለጻድቅ ዘንድ ደረሰ። አንድ ካውያ ይህን ያህል አይስብም፣ ደብቃ የምትሰካው ሌላ ዕቃ አለ፣ ቅዳሜ ሽቦዋ ይቆረጥ ብለው አዘዙ።

ሐሙስ ከሰዓት ገሪማ የኤሌክትሪክ መለኪያውን በትከሻው አንግቶ መጣ። ሊሰልላት የተላከ ስለመሰላት በሩን ሞልታ ቆመች። እሱ ግን ቤቱን አልፈተሸም። በቀን አምፖል የሚያበራ የለም፣ በዚህ መስመር ላይ አሁን የሚሠራው የእርስዎ ካውያ ብቻ ነው አለና እንድትሰካ ጠየቃት። መለኪያውን አየ፤ የልብስ ጠመኔዋን አንሥቶም ጠረጴዛዋ ላይ ጻፈ።

«ከሞተሩ ሲወጣ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ነው፤ እዚህ ሲደርስ መቶ ስልሳ። ካውያው የሚስበው ሁለት አምፔር። ቮልቱን ለአምፔሩ ሲያካፍሉት ተቃውሞው፣ ማለት ካውያው ኤሌክትሪኩን የሚገታበት ልክ ይመጣል፣ ሰማንያ ኦም። ሲያባዙት ደግሞ ኃይሉ፣ ሦስት መቶ ሃያ ዋት።»

ካውያው ላይ የተቀረጸው ግን ስድስት መቶ ዋት ነው።

«ታዲያ ግማሹን ማን በላው?»

«እርስዎ አይደሉም፣ እትዬ አልጋነሽ። መንገድ ላይ ስልሳ ቮልት ጠፍቷል። ስልሳን ለሁለት ያካፍሉት።»

«ሠላሳ።»

«ሠላሳ ኦም። ከሞተሩ እዚህ ድረስ ያለ ጤነኛ ሽቦ ስድስት እንኳ አይሞላም። ርቀቱን ለክቼ ላረጋግጥ።»

ገመድ ይዞ ወጣ፤ እሷም ሳታምነው ተከተለችው። የመብራቱ ምሰሶዎች የሚያልፉት በገበሬው በጴጥሮስ የእንሰትና የቡና ጓሮ ነው። ጴጥሮስ ገመድ ሲዘረጋ አየና መጥቶ በእግሩ ረገጠው። በጌዴኦ ጓሮ ገመድ የዘረጋ ሰው ቀላድ ጣይ፣ የመንግሥት መሬት ለኪ ነው፤ ዛሬ የተለካው መሬት ነገ ሌላ ጌታ ያበቅላል። አልጋነሽ የሚለካው ሽቦው ነው እንጂ መሬቱ አይደለም ብላ ማለች።

«አባቴንም እንደዚህ አሉት» አለ ጴጥሮስ እግሩን ሳያነሣ። «ገመድ ነው፣ አትፍራ አሉት። ገመዱ ሄደ፤ መሬቱም አብሮ ሄደ።»

ገሪማ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ከጴጥሮስ እግር ሥር ቀስ አድርጎ ሳበው። ገመዱን ጠቅልሎ ጴጥሮስ እጅ ላይ አስቀመጠና በምሰሶዎቹ ብዛት እገምታለሁ አለ። ከዚያ ሄዶ ሞተሩን አስቁሞ ተመለሰ። ብዙ ምሰሶዎች ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው አለፈ፤ ከጴጥሮስ አጥር ጥግ ያለው ምሰሶ ሥር ሲደርስ ጫማውን አውልቆ ወጣበት።

ከታች ለሚያይ ሽቦው እንደ ሌላው ነበር። በቢላ ሲፍቀው ግን የተቀባበት ሬንጅ ተነሣ፤ ከሥሩ ዝገት ታየ። ከዚያ ምሰሶ እስከሚቀጥለው ድረስ አንድ ሰው መዳቡን ወስዶ ቀጭን የብረት ማሰሪያ ሽቦ ተክቷል፤ እንዳይለይም ሬንጅ ቀብቶታል። ገሪማ ሳይመሽ አዲስ መዳብ ዘረጋበት። ያን ምሽት ሞተሩ ሲነሣ አልጋነሽ ካውያዋን ሰካች፤ የሀዲጃ አምፖል አልፈዘዘም። አቶ ተክለጻድቅ የዛገውን ሽቦ አይተው ትእዛዛቸውን አነሡ።

ዓርብ ጠዋት ሸሚዝ እየተኮሰች ሳለ ሐሳብ መጣባት። ሂሳቡ እውነት ነው፤ ራሷ አካፍላዋለች። ግን ሂሳቡ የተናገረው ምን ያህል እንደጠፋ ነው። የት እንደጠፋ አልተናገረም። መለኪያው የተሰካው እቤቷ ብቻ ነው። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ምሰሶ ያንን በምን ለየው? መዳቡን ያወረደውን ሰው አይቶ ዝም ብሏል፤ ወይም ያወረደው እጅ የራሱ ነው። የራሱ ከሆነስ፣ እሷን ከሌብነት ስም ለማውጣት ምን አስጨነቀው?

ካውያውን ነቅላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። መፈልፈያው ጋ ሞተሩን የያዘው ሌላ ሰው ነበር። ዘበኛው በአገጩ ወደ ዋናው መንገድ አመለከታት።

ወደ ይርጋጨፌ የሚሄደው የጭነት መኪና ተነሥቷል። ገሪማ ከኋላ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አያት፤ ጎንበስ ብሎም በአክብሮት እጅ ነሣት። እሷ «አቶ ገሪማ፣ አንድ ነገር…» ስትል መኪናው ኩርባውን ዞረ።