ሚስ የተባልኩ ጊዜ

የበደለኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እሱም እኔም ንፋስ መውጫ አምስተኛ ክፍል እንማር ነበር፤ ወራቱም ገብስ የሚወቃበት ነበር። ስሙን አልጠራውም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ስልክ ነው። ትናንት አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። የልጅ ልጄ አየት አድርጋው፣ «እማማ፣ ሚስኮል ነው» ብላኝ ወጣች። እሷ እንዲሁ የጣለቻትን ቃል እኔ ይዤ ቁጭ አልኩ። ዛሬ ገበያ የሚወጣው ሁሉ ሚስኮል ይላል። እኔ ግን በዚያች «ሚስ» የተነሳ ነው ከትምህርት ቤት የወጣሁት።

ክፍላችን ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ነፋስ ሲነሳ ይንኳኳል። ፀሐይ በሚስማሩ ቀዳዳ ገብታ ዴስኩ ላይ ትንሽ ክብ ታበራለች፤ የጠመኔው ብናኝ በዚያ ብርሃን ውስጥ ሲንሳፈፍ ማየት እወድ ነበር። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ሲሆን፣ ወንዶቹን «ሚስተር»፣ እኔን «ሚስ» እያለ ይጠራን ነበር። ለጨዋታ ነው፤ ለሁላችንም ያው ነው።

አንድ አርብ መምህሩ፣ ከኋላ በሚያንቀላፋ ልጅ ላይ ቁራጭ ጠመኔ ወረወረ። ሳተው። «ሚስድ!» አለና ራሱ ሳቀ።

እጄን አወጣሁ። «ጋሼ፣ እኔም ሚስ፣ የሳተውም ጠመኔ ሚስ። ምን አገናኘን?»

ክፍሉ አውካካ። መምህሩ ግን ደስ አለው። መጀመሪያ የአጎቴን ልጅ አስነሳው። «እስቲ አንተ ንገራት፤ ሚስ ምንድን ናት?»

«የሚስተር ማሳጠሪያ ናት።»

ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። መምህሩ «ቁጭ በል፣ ከሚሷ ተማር» አለው። የአጎቴ ልጅ ጆሮው ሲቀላ አየሁ። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ከዚያ መምህሩ ቃሏን ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፋት። ያላገባች ሴት ሚስ ትባላለች አለን። ዒላማ የሳተም በዚያችው ይጠራል፤ ከክፍል የቀረም እንደዚያው። ቀጥሎም በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ እናቱን ሚስ እንደሚያደርግ ነገረን። «ይሄኛው መናፈቅ ነው» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ከአጎቴ ልጅ ጋር ወደ ገጠር አገራችን ስንሄድ መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ሳስብ ሄድኩ። የሳተ ሰው ወርውሮ ያጣ ነው። የናፈቀም ልቡን ልኮ ያጣ ነው። የቀረ ሰው ቦታው ሲታይ ባዶ ነው። ሦስቱን አንድ ቤት አስገባኋቸው፤ ያላገባችዋ ግን አልገባ አለችኝ። ሰኞ እጠይቀዋለሁ አልኩ።

አባቴ አውድማ ላይ ነበሩ። የአዲስ ገለባ ሽታ ከሩቅ ይቀበላል፤ እብቁ አንገት ላይ ይለጠፋል። መንሻቸውን ይዘው ገብሱን ለነፋስ እየሰጡ፣ «እንዴት ነው ትምህርቱ?» አሉን።

«ደህና ነው አጎቴ» አለ የአጎቴ ልጅ። «እኔን በስሜ ነው የሚጠራኝ። እሷን ግን መምህሩ ሚስ ነው የሚላት።»

«ምን?»

«ሚስ» አለ፣ ቃሏን ቆረጥ አድርጎ። «ት»ዋን አባቴ ራሳቸው ጨመሩባት።

መንሹን ገብሱ ላይ ሰኩት። «የማን ሚስት?»

«አይደለም አባባ! ሚስ ነው፤ ያልተዳረች ማለት ነው!»

«አለመዳርሽን እሱ ምን አገባው?»

ተደናገጥኩ። የተማርኩትን ሁሉ አወጣሁት። «ሌላም ፍች አለው አባባ፤ የሳተ ማለትም ነው።»

«የሳተች አለሽ?»

«ጠመኔው ነው የሳተው! መናፈቅም ነው ብሎናል...»

«ማንን ነው የሚናፍቀው?»

በሬዎቹን የሚነዳው ጎረቤታችን ሳቁን መቻል አቃተው። «ኧረ ልጄ፣ ዝም በይ፤ ይቺ ቃል ሌላም ካላት ዛሬ አትተርፊም።»

ወደ አጎቴ ልጅ ዞርኩ። «ተናገር እንጂ! አንተንስ ሚስተር ይልህ የለም?»

ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ጣቶች መካከል ገለባ ያወጣ ነበር። «እኔ እንኳ እንግሊዝኛው ብዙም አይገባኝ» አለ።

አባቴ እኔን ሳይሆን ገብሱን እያዩ፣ «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ቅሪ» አሉ። ይሄኛውም ፍች ሰሌዳው ላይ ነበር። እሳቸውን አልወቅስም፤ የሰው አፍ ፈርተው ነው። ደብተሬን ለሌላ ልጅ ሰጡብኝ። ሰኞ ጠዋት የአጎቴ ልጅ ስንቁን አንጠልጥሎ በደጃችን ሲያልፍ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ወደ ቤታችን አልዞረም።

ከዓመታት በኋላ ክፍል አብሮን የነበረ ልጅ አርብ ገበያ አገኘኝና የቀረውን ነገረኝ። ለካ መምህሩ ያን ሰኞ «ሚሷ የት ቀረች?» ብሎ ጠይቆ ኖሯል። የአጎቴ ልጅ ተነስቶ «ተዳረች» አለው። መምህሩም አምኖት ሰው አልላከም። እኔ ያኔ ገና አልተዳርኩም ነበር። የተዳርኩት በዓመቱ ነው፣ ወደ ስማዳ።

ያላገባችዋ ከሌሎቹ ጋር በምን እንደምትገናኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚያውቅ ብጠይቅ ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅኩም።

ሴት ልጄ ለትምህርት ስትደርስ እጇን ይዤ ስማዳ ያለው ወገዳ ትምህርት ቤት ወሰድኳት። የአጎቴ ልጅ እዚያ መምህር ሆኖ አገኘሁት። ጎፈሬውን አበጥሮ በሩ ላይ ቆሟል። «እንኳን መጣሽ እህቴ! ለእኔ ስጪኝ፤ እንደ ልጄ ነው የማስተምራት» አለኝ።

አልፌው ገባሁ። አጠገቡ ባለው ክፍል አንዲት መምህርት ነበረች። ልጄን ለእሷ አስረከብኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።