የጭላዳው ደረት

ደባርቅ ውስጥ ነጠላ ጫማ ሲበጠስ ደስ የሚላት ሠርካለም ብቻ ትመስለኛለች። ሶሉን በምላጭ ቀርጻ ማኅተም ታደርገዋለች፤ በማኅተሙም የመልካም ምኞት ካርድ ትሠራለች። አብሬያት ስለምኖር ሁለት ነጠላ ጫማ በዚህ መንገድ አጥቻለሁ፤ አንዱማ አልተበጠሰም ነበር።

ጳጉሜን ሁለት ቀን አንድ የእንግዳ ማረፊያ ስድሳ የእንቁጣጣሽ ካርድ አዘዛት። ጳጉሜን አራት ማታ ማድረስ አለባት። የመጀመሪያ ትእዛዟ ነውና እኔም ስፌቴን ትቼ ወረቀት አጣፊ ሆንኩ። ከወረቀቱ ሥር የታጠፈ ጋቢ አነጠፈች። ጭላዳ የተቀረጸበትን ማኅተም አንዴ ቀለም አስነክታ፣ ሳትጨምር ሦስቴ አተመችው። የመጀመሪያው ጭላዳ ጥቁር፣ ሁለተኛው ግራጫ ሆነ፤ ሦስተኛው ጉም ውስጥ የቆመ መሰለ። ከአንድ ሶል መንጋ ወጣ።

የቸገረን ደረቱ ነው። ቀዩ ደረቱ ከሌለ ማን ጭላዳ ይለዋል? በሶል ብትሞክር ተጨማለቀ፣ በድንች ብትሞክር ፈሰሰ። በመጨረሻ አውራ ጣቷን ቀይ ቀለም ውስጥ ነክራ ሁለቴ፣ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች አድርጋ አተመች። ቅርጹ መጣ፤ ጣቷ ግን ቀጭን ናት። የእኔን ጣት ደግሞ የስፌት መርፌ ጨርሷታል።

በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ አባቷ አቶ ያርጋል ለበዓል ከአምባራስ መጡ። እኔ ዓይኔ አውራ ጣታቸው ላይ ነበር። ሰፊ ናት፤ የማጭድ ጠባሳ አቋርጧታል።

«አባባ፣ ጣትዎን ያውሱኝ» አለች ሠርካለም።

«ጣቴን ወረቀት ላይ አላሳርፍም።»

ነገሩን አውቀዋለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከታናሽ ወንድማቸው ከደርቤ ጋር መሬት ሲካፈሉ፣ በጥድፊያ በተነበበላቸው ወረቀት ላይ በጣታቸው ፈረሙ። ምንጭ ያለበት ማሳ ለደርቤ ሆነ። እሳቸው ተታለልኩ አሉ፣ ደርቤ ተቀይሞ ዛሪማ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ሠርካለም አልለመነችም። በራሷ ቀጭን ጣት ቀጠለች። እኔ ተናድጄ ልፈነዳ ደርሻለሁ። አቶ ያርጋል ግን አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«ይኸ ጭላዳ ታሟል እንዴ?» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከገብሴ ሳባርረው የኖርሁ ነኝ፤ ደረቱ እንዲህ አይደለም።»

«እንግዲያ ያሳዩኝ።»

አንዱን ካርድ ወደ እሷ ገፋ አድርገው «ጽሑፉ ምን ይላል? ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ» አሉ።

«እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ከጀርባውስ?»

ገልብጣ ባዶውን አሳየቻቸው። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ፣ ጣታቸውን ነከሩ፣ ሁለቴ አሳረፉ። ቀዩ ደረት ሰፍቶ፣ ጠባሳው ነጭ መስመር ሆኖ መሐሉ ላይ ወጣ። እኔ አጨበጨብኩ፤ ሠርካለም ፊቷን በቀለም በተበከለ እጇ ሸፈነች። ስድሳው ሲሞላ ገና ፀሐይ አልገባችም፤ እየተሯሯጥን በካርቶን ማሸግ ጀመርን።

«አንድ ጨምሪልኝ» አሉ አቶ ያርጋል።

አተመችላቸው፤ እሳቸውም ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ለማን ነው አባባ?»

«ዛሪማ ላለው ወንድሜ።»

እስክሪብቶ አነሳች። «ከማን ብዬ ልጻፍ?»

«አትጻፊ፤ ጠባሳዋን ያውቃታል» አሉ። «ልጆች ሳለን ማጭድ ሲቆርጠኝ ነጠላውን ቀዶ ያሰረልኝ እሱ ነው።»