ስድስተኛው ቤት ላይ የተገኘው ሰውዬ

አባቴ ዩኒቨርሲቲ መግባቴን ለሰፈራችን ለፋሲሎ ሰው ሁሉ ነግሯል፤ ምን እንደማጠና ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። የፋብሪካ ባልደረቦቹ ሲጠይቁት «ግቢ ነው ያለ፤ ደህና ነው» ይልና ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞረዋል። የጎረቤታችን ልጅ ምህንድስና ደርሶት ስለነበር አባትየው ድልድይ ባየ ቁጥር ልጁን ያነሳል። የእኔ አባት ምን አይቶ ያንሳኝ? «የሞተ ሰው ጉዳይ አጥንተህ በሕይወት ያለ ማን ይቀጥርሃል?» አለኝ አንድ ቀን። አነጋገሩ አናደደኝ።

ደግነቱ ክፍላችን ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች። አንደኛ ዓመት ላይ ለቡድን ሥራ አብረን ተመደብን። ካነበብሁት ላይ እንዳለ ገልብጬ የመጣሁትን ሁሉ በሦስት ጥያቄ አፈረሰችው፦ ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ? ምን ተጠቀመበት? መምህራችን ያስተማሩንም ይህንኑ ነበር፤ እሷ ግን ለግቢው ሐሜት ሳይቀር ታውለዋለች። ሦስተኛ ዓመት ላይ ጣና ዳር ተቀምጠን እንጋባ ስላት እንኳ መጀመሪያ ያለችኝ «ይሄን ማን መከረህ?» ነው።

ተመረቅን። እሷ አስተማሪ ሆነች፤ እኔ የጣናን ገዳማት ለማየት ለሚመጡ እንግዶች አስጎብኚ ሆንሁ። አባቴም «ጀልባ ላይ ነው ያለ» ማለት ጀመረና ሰፈሩ ሁሉ ዓሣ አስጋሪ የሆንሁ መሰለው።

ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ደረሰ። የእሷ ቤተሰብ ነገር የሚቆረጠው እንፍራንዝ ባሉት አያቷ ዘንድ ነው። በወጉ ሽማግሌ የላከ ወጣት ቤቱ ተቀምጦ ይጨነቃል። የተዋስነውን መኪና መንዳት የሚችል ከእኔ ሌላ ስላልነበረ ግን ሹፌር ሆኜ ሄድሁ። ወረታን እስክናልፍ ድረስ፣ አባቴን ጨምሮ መንዳት የማይችሉት ሽማግሌዎች ስለ አነዳድ ሲመክሩኝ ቆዩ። እንደ ደረስን መኪናው ውስጥ እንድቆይ ተነገረኝ፤ ዶፍ ወረደና አያቷ «ሹፌሩም ይግባ እንጂ» አሉ። በር ሥር ተቀመጥሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ማንነቴን ያላወቀ የነበረ አይመስለኝም፤ ሁሉም ግን ለወጉ ሲል ሹፌር አድርጎኝ ተቀመጠ።

ከሽማግሌዎቹ ምርቃት በኋላ ዘር ቆጠራው ተጀመረ። በእኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። በእኛ በኩል የአባቴ አጎት፣ በእነሱ በኩል አያቷ፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያሉ ወደ ላይ ወጡ። ስድስተኛው ቤት ላይ ሁለቱም የአንድ ሰው ስም ጠሩ።

«እህትና ወንድም ናቸው» አሉ አያቷ። «በቃ፣ እግዜር አልፈቀደውም።»

ሽማግሌዎቻችን ጋቢያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። እሷ ቀድማ መጥታ ነበርና ጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እኔም ፈራሁ። ከሞተ ስንት ዘመኑ የሆነ፣ አይቼው የማላውቅ ሰውዬ ይህችን ልጅ ሊወስድብኝ ነው። ቀና ብዬ ሳያት ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፦ ማን ነገረህ?

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አልሁ አያቷን። አባቴ በዓይኑ ዝም ሊያሰኘኝ ሞከረ። «የዚህን ሰው ነገር ማን ነገረዎት?»

«አባቴ ነዋ።»

«መቼ ነው የነገሩዎት?»

«ርስት የተሟገትን ጊዜ። ዳኛ ፊት እንዳልሳሳት ጠዋት ማታ ያስጠናኝ ነበር።»

«ከዚያ በፊትስ ስሙን ሰምተው ያውቃሉ?»

«ከዚያ በፊትማ አናውቀውም።»

በዚያ ዘመን መሬት የሚገኘው በትውልድ ነው፤ አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት እወለዳለሁ ብሎ፣ ቆጥሮ ያሳመነ ድርሻ ያገኛል። መሬቱ ለም ሲሆን ተወላጁም ይበዛል፤ ይህን ክፍል ውስጥ ተምረነዋል። ምን ተጠቀሙበት የሚለውን ሦስተኛውን ጥያቄ ግን ተውሁት። አንድን ሽማግሌ በገዛ ቤታቸው፣ አባትዎ በሐሰት ቆጥረዋል ማለት ነውና።

አያቷ እኔን አዩ፤ ዞረው ጓዳው በር ላይ የቆመችውን አዩ።

«መሬቱን መልስ የሚለኝ ይመጣል?» አሉ በመጨረሻ።

«መሬቱንማ ደርግ ከወሰደው ስንት ዘመኑ» አሉ የአባቴ አጎት።

«እንግዲያስ ሰውዬው የእኛ አይደለም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወንዝ ዳር ያለ መሬት ሲያይ አያስችለውም ነበር።»

እንደገና ተቆጠረ። ሰባት ቤት ታለፈ፤ የሚያገናኘን አልተገኘም። ጓዳ ውስጥ እልል ሊባል ሲል አያቷ እጃቸውን አነሱና ወደ አባቴ ዞሩ።

«ይህ ሹፌራችሁ ጠበቃ ነው እንዴ?»

ጀልባ ላይ ነው ያለ ሊል ነው ብዬ አቀረቀርሁ።

«ልጄ ነው» አለ አባቴ፣ ጋቢውን አስተካክሎ። «ታሪክ ነው የተማረ።»

አያቷ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያስ ልጅቱን ይውሰድ» አሉ። «ታሪኩን ግን እዚሁ ይተውልን።»