ባለበቅሎውና እኔ

አሮጌውን ሣጥን ስከፍተው የጆንያ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ከልብሶቹ ሥር ሽፋኗ የተገነጠለ፣ በጆንያ መስፊያ ክር የተጠረዘች ቀጭን መጽሐፍ ተኝታለች። አወቅኋት። ባላንጣዬ የሚኖረው እሷ ውስጥ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው ልጄ፤ እዚሁ ዲላ፣ ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሰፊ ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል መድረሴን ላገኘሁት ሁሉ ስለምለፍፍ፣ ቡና ለቃሚዎቹ ሴቶች "እንግዲያው አንብብልን!" ብለው ያዙኝ። ተከታታይ መጻሕፍቱን የሚያመጣልን አንድ የካሚዮን ሹፌር ነበር፤ አንዱ ክፍል አልቆ ሌላው እስኪመጣ ዝናብ እንደቀረበት ገበሬ አንጋጠን እንጠብቅ ነበር።

ታሪኩ የአንድ አስማተኛ ነው። አስማተኛ ልበለው እንጂ ሥራ ሲሠራ አላየሁትም። ከምታወራ በቅሎው ጋር ከአገር አገር ይዞራል፤ ጥላ ካገኘ ይጋደማል። ዘንዶ እሳት እየተፋ ሲመጣበት "ምሳ በልተሃል?" ይለዋል። ንጉሥ ግማሽ መንግሥቱን ሲሰጠው "ስብሰባ ይበዛዋል" ብሎ ይመልስለታል። እዚህ ላይ ሴቶቹ መጀመሪያ በሩን በዓይናቸው ይቃኙና፣ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ይስቁ ነበር።

እኔን ግን አንገሸገሸኝ። ጦርነት የለው፣ ደም የለው! እንዲህ እል ነበር ለሰው። እውነቱ ሌላ ነው። ቡናው ከሚለቀምበት ጠረጴዛ ጥግ የምትቀመጥ አንዲት ጠይም ልጅ ነበረች። ገና ከበሩ ስገባ "ዛሬስ ምን አደረገ?" ትለኛለች። እኔ ምን እንዳደረግሁ የሚጠይቅ የለም። አዲስ ሸሚዝ ለብሼ የመጣሁ ቀን እንኳ "በቅሎዋስ ደህና ናት?" አለችኝ። እሱ የሚተኛበትን ዛፍ ሳይቀር ራሷ መርጣለታለች፤ አገሯ አሪቻ፣ አባቷ ቡና ማሳ መሃል ያለው ዋንዛ ነው ብላ።

አንድ ቀን ቅናቱ ቢብስብኝ፣ "ሰይፍ እንኳ የማይዝ ምን ዓይነት ወንድ ነው?" አልኳት።

"ለዚህ አይደል የምወደው?" አለች፣ ዓይኗን ከቡናው ሳታነሳ። "እሱ ባለበት ማንም አይሞትም።"

ወንድሟ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ከርሞ ነበር። መርፌዬን ጆንያው ላይ ሰክቼ መጽሐፉን ካቆምኩበት ገለጥኩ።

ከዚያ ሹፌሩ አንድ ቀን እንደወጣ በዚያው ቀረ፤ መጻሕፍቱም አብረውት። ተገላገልኩት ብዬ ደስ አለኝ። ልጅቷ ግን ሳቋ ጠፋ። ከለቃሚዎቹ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አላስቀመጡኝም፤ "አንተ ጅል፣ መጽሐፉ ቢያልቅ አፍህም አለቀ?"

ይኸውልህ ጉዴ! በገዛ አፌ እየፈጠርኩ ባላንጣዬን ወንዝ አሻገርኩት፣ ምሳ አበላሁት፣ ዋንዛው ሥር አስተኛሁት። ሳቀች። ለእሱ።

ያቺን ልጅ አገባኋት። ወንድሟ ሳይመለስ ቀረ፤ በከፋት ቁጥር "ዛሬስ ምን አደረገ?" ትለኛለች፣ እየተነጫነጭኩ እነግራታለሁ። እኔና እሷ አረጀን፤ እሱ ሆዬ አንዲት ሽበት አላበቀለም።

አምና ሆስፒታል ተኝታ፣ እጇን ይዤ "ምን ላምጣልሽ?" ብላት፣ "ዛሬስ ምን አደረገ?" አለችኝ።

እዚህም መጣህብኝ! አልኩ በልቤ።

"ዋንዛው ሥር ተጋድሟል" አልኳት። "በቅሎዋ ሣር ትግጣለች። ምሳ ደርሷል፤ ሰው እየጠበቀ ነው።"

ፈገግ እንዳለች ዓይኗን ከደነች፤ ዳግም አልገለጠችውም።

አሁን የመጽሐፏ ክር ላልቷል፤ ልሰፋት ብዬ መርፌው ዓይን ውስጥ ክሩን ማስገባት አቃተኝ። ቅናቱ እንደሆነ አልለቀቀኝም። ያ ሰነፍ፣ እዚያ ዋንዛው ሥር ምሳዋን በሰዓቱ የሚያቀርብላት አይመስለኝም።