ድንኳኑ የዕድር ነበር

ስልኬ ላይ አልፎ አልፎ «ዓለም የረሳቸው ምርጥ የሮክ ባንዶች» የሚል ዝርዝር ይመጣልኛል። ገበያ ቀዝቃዛ ነውና ቀለም ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አየዋለሁ። ተረሱ የተባሉት ሰዎች አልበም አላቸው፣ ፎቶ አላቸው፣ ከሥር ደግሞ «እንዴት እንወዳቸው ነበር» እያለ የሚያለቅስላቸው ሕዝብ አላቸው። ወይ መረሳት! ለመረሳትም እኮ መጀመሪያ መታወቅ ያስፈልጋል። የእኛን ባንድ ማንም አልረሳውም፤ ማን አውቆት!

አራት ነበርን፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን። ድራም የሚመታው አናጺ ነው፣ የምትዘፍነው ነርስ ናት፣ እኔ ቤዝ ጊታር እይዛለሁ። «እይዛለሁ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። መጫወት የሚባለውን የሚያውቀው አራተኛው ነበር፣ ሊድ ጊታሩ። ከጎረቤላ መጥቶ ከእኔ ጋር ቤት ተጋርቶ የሚኖር፣ ቀን ቀን ሚኒባስ የሚነዳ ሰው። የአንቺሆዬን ቅኝት በዚያ በሚያጉረመርም ጊታር ሲያወጣው ሰውነትን ይወርራል። ከእሱ የሚበልጥ እስካሁን አልሰማሁም። ማጋነኔ አይደለም፤ ማጋነንም ጉልበት ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ደክሞኛል።

የምንለማመደው እኛው ቤት ነበር። ድምፅ እንዳይወጣ ያሉንን ብርድ ልብሶች በሙሉ ግድግዳው ላይ ሰቅለን፣ ግድግዳው ሞቆት እኛ እንንቀጠቀጥ ነበር። የጥር ውርጭ ጣት ያደነዝዛል። እሱ በየዘፈኑ መሀል እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ እያሞቀ ይጠብቀናል። ጎረቤቱ «እነዚህ ልጆች ምን ቢበደሉ ነው እንዲህ የሚጮኹት?» ይላል። ሰርግ ሲጠሩንም ሁለተኛውን ዘፈን ሳንጨርስ «ኧረ እስክስታ የሚወርድ ነገር አምጡ!» ይባልና አንድ ኪቦርድ ያለው ሰው ተፈልጎ ይመጣል። እኛ ጥብሳችንን በልተን እንመለሳለን። እንዲህ ሆነን አምስት ዓመት ያህል ቆየን።

አንድ ጊዜ ግን ዕድል መጣ። ነርሷ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ያላቸው አንድ ሰው ታውቅ ኖሮ ለምናልን፤ «ቅዳሜ ወደ ደሴ ሳልፍ ልስማችሁ፤ ከወደድኳችሁ በራሴ ወጪ እቀርጻችኋለሁ» አሉ። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። ያ ጊታር አንዴ ከተቀረጸ ማንም ሊክደን አይችልም ብዬ ነበር። ሰውዬው ያለ ተመልካች ባንድ አይታይም ስላሉ ሰው መሰብሰብ ነበረብን፤ አዳራሽ ለመከራየት ደግሞ አቅም የለንም። ወደ ሰፈራችን ዕድር ዳኛ ሄድን። ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን ፈቀዱልን።

«ውሰዱት» አሉ፣ «ግን የዕድር ዕቃ መሆኑን አትርሱ። ሞት ከመጣ ቅድሚያ የሞት ነው።»

«እሺ ጋሼ» አልን እየሳቅን። ለአንዲት ከሰዓት በኋላ ሞት ምን ያመጣዋል? የሌላ አገር ባንድ ይህችን ስህተት አይሠራትም። እኛ ለደስታችን የለቅሶ ድንኳን ተከልን።

ቅዳሜ ሰው መጣ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ድንኳኑን አይቶ ለቅሶ መስሎት ነጠላውን ዘቅዝቆ የመጣ ነው፤ ቢሆንም ነገሩን ሲረዳ ተቀመጠ። እንግዳው ከፊት ተቀመጡ። ድምፅ ማጉያው ሞንታርቦ ተሰክቷል፣ ጊታሩ ተቃኝቷል፣ አናጺው ከበሮው ላይ ሊያሳርፍ ዱላውን አንስቷል። ያኔ የዕድሩ ዳኛ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ከእኛ ሦስት ቤት ዝቅ ብለው የሚኖሩት ባልቴት አርፈዋል።

ሰው ሁሉ ተነሣና የተቀመጠበትን አግዳሚ ለሁለት ለሁለት ተሸክሞ ወጣ። ተመልካች ወንበሩን ይዞ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። አናጺያችን ራሱ ካስማ መንቀል ጀመረ። እንግዳው ብቻ እንደተቀመጡ ቀሩ፤ እሳቸውንም ሁለት ጎረምሶች በትሕትና «ይቅርታ ጌታዬ፣ አግዳሚው ይፈለጋል» ብለው አስነሷቸው።

ሰውዬው ግን ደግ ነበሩ። «ግድ የለም» አሉኝ፣ «ቤት ገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አንድ ዘፈን ብቻ አሰሙኝ። ጉሙ የጣርማ በርን ተራራ ሳይሸፍነው መሻገር አለብኝ።» በደስታ እየሮጥኩ ወደ ጊታሪስቱ ጓደኛዬ ሄድኩ። የድንኳኑን ምሰሶ ትከሻው ላይ አድርጎ ሊወጣ ነው።

«አንድ ዘፈን ብቻ!» አልኩት። «በሩን እንዘጋለን፣ ብርድ ልብሱም አለ፤ ማንም አይሰማንም።»

«እኔ እሰማዋለሁ» አለኝ። «ሬሳ ተጋድሞ ጊታር አልነካም።»

«ምን ዓይነቱ ነህ? ሕይወታችን እኮ ነው!»

«የእሳቸውም ሕይወት ነበር» አለና ምሰሶውን ይዞ ቁልቁል ወረደ። እንግዳው ሰዓታቸውን አይተው «በሌላ ጊዜ» ብለውኝ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ሌላ ጊዜ አልመጣም። እኔ ባዶው ሜዳ ላይ ሞንታርቦው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለባልቴቷ አይደለም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለእኔ ነው ያለቀስኩት። ለቅሶውን የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው፣ ለይሉኝታ።

ከዚያ ወዲህ ባንዱ ተበተነ። ነርሷ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች፣ አናጺው ትዳር ያዘ። ጊታሪስቱ ከእኔ ቤት ወጥቶ ጫጫ ተከራየ፤ በሚኒባሱ ከጫጫ ደብረ ብርሃን ይመላለሳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው እኔ ያቺን ቅዳሜ ይዤ ቀረሁ። ቀለም ሊገዛ የመጣውን ሁሉ አቁሜ «ከዚህ ከተማ እንዲህ ያለ እጅ ወጥቶ ነበር፣ አገር ሳያውቀው ቀረ፤ የገዛ ግትርነቱ ነው የበላው» እላለሁ። ሰው አንገቱን ነቅንቆ ነጭ ቀለሙን ይዞ ይሄዳል። ሃያ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፣ መቶ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። አፌ ደከመ።

ባለፈው ጫጫ ጉዳይ ነበረኝና መናኸሪያ ስደርስ ተራው የእሱ ሆኖ አገኘሁት። ሰላምታችን አጭር ነበር። ጋቢና ከጎኑ አስቀመጠኝ። መኪናው እስኪሞላ ስንጠብቅ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

«አሁንም አይቆጭህም?»

«ምኑ?»

«ያቺ ቅዳሜ ናታ!»

መሪውን በጨርቅ መወልወሉን አላቆመም። «እሷስ አትቆጨኝም» አለ። ጨርቁን ገልብጦ ደግሞ፦ «ሰውዬው አያውቁኝም፤ ባይሰሙኝ ምን ይደንቃል? አንተ ግን ያን ሁሉ ዓመት ከጎኔ ቆመህ ሰማኸኝ። አንድ ቀን ‹ጎበዝ› ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«ምን ነካህ? ለመንገደኛው ሁሉ የማወራው ስላንተ አይደለም እንዴ!»

«ለመንገደኛው ነዋ። ለእኔስ?»

አንድ ቀን እንኳ ባገኝ ብዬ አሰብኩ። ያልኩት ሁሉ ትዝ አለኝ፦ «ፈጠንክ»፣ «ቤዙን ዋጥከው»፣ «ቀንሰው፣ ጎረቤት መጣብን»። አንድ ምሽት በጣም ካማረለት በኋላ ቀና ብሎ እንዳየኝም ትዝ አለኝ። እኔ ገመድ እየጠቀለልኩ ስለ መብራት ቆጣሪው ነበር የማወራው። አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ።

«ጎበዝ ነህ» አልኩት። «በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ ጎበዝ አንተ ነህ።»

ተራ አስከባሪው በሩን በመዳፉ መታ፤ ሞልቷል። ጓደኛዬ ጨርቁን አጣጥፎ መስተዋቱ ሥር አስቀመጠ።

«ጊታሩን እኮ ከሸጥኩት ቆየሁ» አለና ሞተሩን አስነሣ።