የሚታጠብ ጥቁር ቀለም

እንጅባራ ላይ መምህር ዓባይነህን የሚያውቅ ሁሉ ብዕራቸውንም ያውቃል። በተጋቡ በዓመቱ ባለቤታቸው እንቁ የገዛ በጓን ሸጣ የገዛችላቸው፣ ቀለም እየተሞላ የሚጽፍ ብዕር ነው። ለማንም አያውሱትም። ልጃቸው የምሥራች እንኳ በልጅነቷ አንድ ቀን ነካ አድርጋው ኩርኩም ቀምሳለች። በአማርኛ «እርስዎ» እያለች የምታከብራቸው እንቁ፣ በብዕሩ ስትቀና ግን በአዊኛ ነበር የምትቆጣቸው።

ከዓመታት በፊት ቀለም አልቆባቸው በሚኒባስ ዳንግላ ሄዱ። ባለሱቁ አየነው ሁለት ጠርሙስ ጥቁር ቀለም አወጣላቸው።

«ይኸኛው ውሃ አያስለቅቀውም፤ ግን ውስጡ ከደረቀ ብዕርዎን ይደፍነዋል። ያኛው ይታጠባል፤ ለብዕሩ ግን ምቹ ነው» አላቸው።

መምህሩ አላመነቱም። ለብዕራቸው ሳስተው የሚታጠበውን መረጡ። ወረቀቱስ ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ስለሆኑ የሙታን ስም መዝገብ በእጃቸው ነው። እዚያ የሚጻፈው ሰው በሰፈር የሚጠራበት ስም ሳይሆን የክርስትና ስሙ ነው፤ በጸሎት የሚታሰበው በዚያ ነውና። ከአራት ዓመት በፊት እንቁ ስትሞት የነፍስ አባቷ ስሟን በጆሯቸው ነገሯቸው። እሳቸውም እንባቸውን እየጠረጉ በገዛችላቸው ብዕር ጻፉት። ከዚያ ወዲህ አንሥተውት አያውቁም። ምን ብለው ያንሡት? ለእሳቸው እንቁ፣ እንቁ ናት።

ባለፈው ሐምሌ መዝገቡ የሚቀመጥበት የደብሩ ዕቃ ቤት ቆርቆሮ አፈሰሰ። የእንጅባራ ክረምት ደግሞ አንዴ ከያዘ መልቀቅ አያውቅም። መዝገቡ ሲገለጥ፣ የቀድሞው ጸሐፊ በእስክርቢቶ የሞነጫጨረው ሁሉ ደህና ነው። የመምህሩ ያማረ ጽሑፍ ግን ግራጫ ውሃ ሆኖ ወርዷል። የሌሎቹ ስም ከየቤተሰቡ እየተጠየቀ ተገኘ። የእንቁ ግን ጠፋ። ስሙን ከመዝገቡ በለሆሳስ ያነቡት የነበሩት የነፍስ አባቷ ሞተዋል፤ የክርስትና እናቷም ካረፈች ቆይታለች።

የምሥራች «እኔ እማዬ ነው የምላት። አባዬ፣ እርስዎ አያውቁትም?» ብላ አፈጠጠችባቸው።

በገዛ እጃቸው የጻፉት እሳቸው ናቸው። ረስተውታል።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲመጣ እንቁም ትመጣለች። በር አታንኳኳም። ነጠላዋ እንደራሰ መስኮቱ ሥር ካለው ዱካ ላይ ትቀመጣለች። «ስምሽ ማን ነበር?» ይሏታል። ብዕሩን ብቻ ታየዋለች። መጀመሪያ ፈሯት። ኋላ ግን ከፍርሃቱ ኀፍረቱ ባሰባቸው፤ አርባ ዓመት አብራቸው የኖረችን ሴት ብዕሯን ጠብቀው ስሟን ጣሉባት።

አንድ ቀን መሳቢያቸውን ሲፈትሹ፣ ጽፈው ሲጨርሱ ትርፉን ቀለም የሚያስመጥጡበትን ወረቀት አገኙ። ዝናብ አልነካውም። ፊደሉ የተገላበጠ ስለሆነ መስታወት ፊት ያዙት። ጥጉ ላይ እንቁ የሞተችበት ቀን ይነበባል። ከጎኑ «ወለተ» ይላል። የቀረውን ኋላ የተጻፉ ስሞች ተደራርበው ውጠውታል። ወለተ ማርያም ትሁን ወለተ ሥላሴ፣ ወለተ ሐና ትሁን ወለተ ጊዮርጊስ፣ አንዱም ከልባቸው አልገጥም አለ።

አዲስ መዝገብ ሲከፈት፣ በሟቹ የነፍስ አባት ቦታ የተተኩት ቄስ ደጉ ከጥቀርሻ የተበጠበጠውን የቤተ ክርስቲያኑን ቀለም ሰጧቸው።

«ይኸ የልጅ ልጅ ያነበዋል። ግን ለሸምበቆ ብዕር ነው መምህር፤ የእርስዎን ብዕር ያንቀዋል።»

«ይነቀው» አሉ መምህሩ።

የሌሎቹን ስም ቤታቸው ተቀምጠው በሸምበቆ ጻፉ። ለእንቁ ግን ብዕሯን ያንን ወፍራም ጥቁር ሞሉት። «ወለተ» ብለው ጻፉና ቀሪው እስኪመጣላቸው እጃቸውን አንሥተው ጠበቁ። ዝናቡ ጀመረ። እንቁ መጥታ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች።

«ንገሪኝ እንጂ» አሏት። «በአዊኛም ቢሆን ተቆጪኝ።»

ብዕሩን አየችው። ዝናቡ አባርቶ፣ ዱካው ባዶ ሆኖ፣ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፉት ደርቋል። ለብ ባለ ውሃ ቢዘፈዝፉት፣ ቢያራግፉት፣ ወይ ፍንክች።

በወሩ የመታሰቢያ ቀን ቄስ ደጉ ከአዲሱ መዝገብ የሙታኑን ስም ማንበብ ያዙ። መምህር ዓባይነህ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የምሥራችም በሴቶቹ በኩል አለች።

«ወለተ...» አሉ ቄሱ፤ ቀጥሎ ባዶ ነው። ቀና ብለው መምህሩን አዩአቸው። የምሥራችም ዞራ አየቻቸው።

ቄሱ ጥቂት ጠበቋቸውና ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።