የአዴ መድና ቅል

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። አጻጻፌ ባያምር አትፍረዱብኝ። ስለ ጎረቤቴ፣ እንደ እናቴ አዴ ስለምላት ስለ መድና፣ ያየሁትን ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ወንድሟ ፈረጅ የገበሬ ማህበር ታጣቂ ነበር። በሰባ ስድስት ዓመተ ምህረት አንድ ልጇን ሙሄን ለውትድርና አስያዘባት። ሰንበቴ ገበያ ላይ፣ ከብት ሻጩ ሁሉ እየሰማ፣

«ፈረጅ! ከዛሬ ወዲያ እርሜ ነህ!» አለችው።

«ተይ እንጂ እህቴ፣ ትእዛዝ ነው።»

«እንግዲያ ሲጠማህ ትእዛዙን ጠጣው!»

እኛ ሀገር ጥላቻ በኦሮምኛው ጅባ ነው፤ ጅባ በሽማግሌ ይበርዳል። እርም ግን ይብሳል። እርም ያለች ሴት ያ ሰው ይጠጣበት የነበረውን ቅል ደፍ ላይ ትሰብራለች፤ እርሟን እስክታነሳም ስሙን አትጠራም። አዴ ግን ቅሉ የእናታቸው ነበርና ሳሳች። ሳትሰብረው ምሰሶው ላይ ደፍታ ሰቀለችው።

በሰባ ሰባት ድርቅ የቦርከና ወንዝ ኩሬ ኩሬ ብቻ ሆኖ ሲቀር፣ ያ የተደፋ ቅል ጠዋት ጠዋት ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይገኝ ጀመር። በጣቴ ነክቼዋለሁ፤ ይቀዘቅዛል።

ሼህ አብደላን ጠየቅናቸው።

«እርም ከሐራም ጋር አንድ ዘር ነው፤ የማይነካ ማለት ነው» አሉ። «አንቺ የአላህን ፍጡር አይነካም አልሽ። ቅሉን አልሰበርሽ፣ ሰውየውን አላስገባሽ። እንግዲህ ተጠምቶ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል።»

«ወንድሜ ያለው ጨፋ ሮቢት ነው። ማነው ደጄ የቆመው?»

ሼሁ መቁጠሪያቸውን አንስተው ዱዓ ያዙ።

በሳምንቱ ፈረጅ ታመመ፣ ከማንም እጅ ውሃ አልወርድለት አለ፣ መድናን ይጠራል የሚል መልእክት መጣ። እርሟን ሳታነሳ ቢሞት እዳው እስከ ወዲያኛው ዓለም፣ እስከ አኼራ ድረስ አንገቷ ላይ ነው። ቅሉን ይዛ፣ እኔም ተከትያት፣ በእግር ሄድን።

ቅሉን ውሃ ሞልታ ወደ አፉ አስጠጋችለት።

«መጀመሪያ በስሜ ጥሪኝ» አላት።

አፏን ከፈተች። ድምፅ የለም። ሦስቴ ሞከረች፣ ስሙ አልወጣም። እሱም እያያት ከንፈሩን ገጠመ። ውሃው በጢሙ ወረደ። የአስር ሶላት ሳይሰገድ ሞተ።

ሙሄም አልተመለሰም። ቅሉ ዛሬም ምሰሶው ላይ ነው፣ ዛሬም ያድራል እርጥብ ሆኖ። አዴ ማለዳ ታወርደውና ደፉ ላይ ታንጠፈጥፈዋለች።

«ፈረጅ» ትላለች፣ ጥርት አድርጋ። «ና፣ ጠጣ።»